የቦዩ ባለቤት

የማህበራችን ሊቀመንበር የሆንኩት በሌለሁበት ነው። ያን እሑድ ቀየት ወደሚባል አገር ለልቅሶ ሄጄ ነበር። ወደ ማታ ስመለስ ባለቤቴ በሩን ከፈተልኝና ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ልቅሶ ደርሶ ለመጣ ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ ብዬ ልቆጣ ስል ነገሩን አስረዳኝ። የበፊቱ ሊቀመንበር ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሯል። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ለቦታው ሰው ሲፈልጉ፣ የተገኘው ሁሉ ተራ በተራ «እኔ አልችልም» አለ። አልችልም ለማለት ያልነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንተስ ዝም አልክ?» አልኩት።

«ምን ዝም እላለሁ፤ እጄን አውጥቼ ደገፍኩሽ እንጂ» አለ እየሳቀ። ያን ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ማህበር ስል ጽዋ የሚጠጣበትን ማለቴ አይደለም። ዘመሮ ከተማ የምንሠራ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች ከዓመታት በፊት ተደራጅተን፣ ከማዘጋጃ ቤት መሬት ተመርተን ቤት የሠራንበት የመኖሪያ ቤት ማህበር ነው። የደረሰን መሬት ከከተማው ግርጌ ያለ ተዳፋት ነው። አሥራ ሁለቱ ቤቶቻችን፣ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሁላችንም ካርታችንንና ቁልፋችንን የተቀበልን ዕለት ቄስ ጠርተን ጠበል አስረጨን፣ በግ አርደን በላን፣ ተመራርቀን ተለያየን። በኛ ልብ ማህበሩ ያን ዕለት አበቃ። ሥራው አለቀ፣ ተመረቀ፣ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማህበሩ ትዝ የሚለን በዓመት አንዴ፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ በሬ በጋራ ገዝተን ሥጋውን በመደብ ለምንካፈልበት ቅርጫ ብቻ ነበር። እኔም የተመረጥኩት ለዚሁ መሆኑን ሲነግሩኝ ንዴቴ ትንሽ በረደልኝ። ግብር ሰብስቢ፣ ክሰሺ፣ ተከሰሺ አላሉኝም። በሬ ምረጪ ነው ያሉኝ፤ በሬ በመምረጥ ደግሞ ከማንም አላንስም።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማን ስንት መደብ እንደሚወስድ ለመጠየቅ ከቤት ቤት ዞርኩ። መጨረሻ ላይ የደረስኩት ታች ጫፍ ካለችው ጎረቤታችን ቤት ነው። ስም መጥራት አልፈልግምና እትዬ ልበላቸው፤ ሁላችንም የምንጠራቸውም እንደዚያው ነው። ባለቤታቸው የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ ማህበሩን ከመሠረቱት አንዱ። ገና ገብተን ሳንለምደው፣ በመጀመሪያው ዓመት አረፉ። እትዬ ትውልዳቸው ጊሼ ራቤል ነው። ልጆቻቸው ወደየሥራቸው ስለሄዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። የበግ ጠጉር እየገዙ፣ እያጸዱ፣ እየፈተሉ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ይሸጣሉ።

«ስንት መደብ ልያዝልዎ?» አልኳቸው።

«ሥጋውን ተይውና ነይ ወዲህ» አሉና ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ።

ጓዳው ጠጉራቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። ገና ስንገባ የእርጥበት ሽታ አፍንጫዬን መታው። የኋላው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል። ድንጋዮቹ መሐል የገባው ጭቃ ረጥቦ ጠቁሯል፤ በጣቴ ስነካው እየተፈረፈረ ወረደ። ውጭ ዞረን አየነው። ከቤቶቻችን ጀርባ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የድንጋይ ቦይ አለን። የአሥራ ሁለቱም ቤት የጣሪያና የግቢ ውሃ በዚያ ነው የሚያልፈው። ቤቱ ሲሠራ በጥድፊያ የተደረደረ ነበርና አፈርና ቅጠል ሞልቶት እትዬ ግድግዳ ሥር ሲደርስ ጨርሶ ተደፍኗል። መሄጃ ያጣው ውሃ ግድግዳቸውን ተደግፎ ይተኛል።

«ይህ ግድግዳ ክረምቱን አይሻገርም» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ውስጥ ልመና አልነበረም። ወሬ ነው የነገሩኝ።

አንጀቴን በሉት። ከዚያው ቀጥ ብዬ ላይኛው ቤት ወደሚኖሩት ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው፤ ድንጋይና ውሃ ያውቃሉ፤ ነገር ሲነገራቸው ደግሞ ቶሎ የሚነሡ ሰው ናቸው። ጨርሼ ሳልነግራቸው «ደቦ ይወጣላቸዋ!» አሉ። «እኛ እያለን የባልቴት ቤት ይፈርሳል? ነውር ነው!» ወደ ማታ በየቤቱ ተነገረ። ለወራት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጡ ጎረቤታሞች በአንድ ቃል «እሺ» አሉ። ዶማ የሌለው ሊዋስ፣ ጉልበት የሌለው ድንጋይ ሊያቀብል ተስማማ። ያን ዕለት በጎረቤቶቼ ኮራሁ፤ በራሴም ትንሽ ኮራሁ።

ደቦ ማለት እኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። ሥራ የሚሠራለት ሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይጋግራል። የመጣው ሰው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ባለቤቱን መርቆ ይሄዳል። ስለዚህ በነጋታው ብቅልም ዱቄትም እኛ እናዋጣለን፣ እትዬ መጥመቁንና መጋገሩን ብቻ ይቻሉ ብለን፣ እኔ ልነግራቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። ሰዉ በሙሉ ደቦ ሊወጣልዎ ነው» አልኳቸው።

የያዙትን እንዝርት አስቀመጡ። «ማነው ደቦ የጠራው?»

«ማንም አልጠራም፤ እኛው ለእርስዎ ብለን።»

«እኔ ደቦ አልጠራሁም፣ ልጄ።»

ያፈሩ መሰለኝ። እህሉን እንደምንችል፣ ምንም ወጪ እንደሌለባቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነገሩ የእህል አይደለም። ደቦ ባለቤት አለው። ጠምቄ፣ ጋግሬ፣ አብልቼ ካሠራሁ ቦዩ የኔ ሆነ ማለት ነው። የሚመጣው ዓመት ሲደፈንስ? እናንተ ከላይ ውሃችሁን ትለቃላችሁ፣ እኔ እንደገና ጠምቄ ‹ኧረ ባካችሁ› ልላችሁ ነው? ከኔ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ስንት ይሆናል? ሌላው የማን ነው?»

«እና ግድግዳው ይውደቅ?» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ይውደቅ። ባለቤቴ ማህበርተኛ ነበር። እሱን ስትቀብሩ ማህበርተኝነቱንም አብራችሁ ቀብራችሁት ኖሯል። እኔ ለናንተ እርዳታ የሚደረግላት ባልቴት ነኝ እንጂ ሌላ ምንም አይደለሁም።»

ደሜ ፈላ። ለሰው አዝነሽ፣ ከቤት ቤት ተንከራተሽ፣ መልሱ ይህ ነው? ደኅና ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳልል ወጣሁ። ጎረቤቶቼም ሲሰሙ ተቀየሙ። ጋሼ «የጊሼ ሰው እንዲህ ነው፤ ልርዳህ ስትለው ተሰደብኩ ይላል» ብለው ለቀልድ ቢሞክሩም ቅር ብሏቸዋል። ደቦው ቀረ። እኔም እሳቸው ካልፈለጉ ምን አገባኝ ብዬ ወደ በሬዬ ተመለስኩ።

ለበሬው ደግሞ ከቤቶቹ ግንባታ የተረፈ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነበረን። ሁላችንም «ያው የኛው ነው፣ ለቅርጫው ይሁን» ብለን ተስማምተናል። ባንኩ ግን ሊቀመንበር ስለተቀየረ ከህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ሄድኩ። ያገኘኋት ባለሙያ ጋቢዋን እስከ አገጯ ድረስ የተከናነበች፣ ቢሮዋ ከውጭው ይልቅ የሚበርዳት ሴት ነበረች። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ።

«ለበሬ?» አለችኝ።

«ለበሬ። ማህበሩ እንደሆነ ካለቀ ቆይቷል። ጠበልም ተረጭቷል» አልኳት።

«ጠበል ሲረጭ ማህበር ይፈርሳል የሚል አዋጅ አላየሁም» አለች። «ማህበር የሚፈርሰው ጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ፣ ሂሳቡ ተጣርቶ፣ ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው። የናንተ አልተሰረዘም፤ በሕይወት አለ። ለመሆኑ ምን ምን የጋራ ንብረት አላችሁ?»

«ምንም የለንም። ሁሉም ቤቱን ይዟል።»

«ውሃችሁ በየት ነው የሚወርደው?»

«ከቤቶቻችን ጀርባ ባለ ቦይ» አልኳት።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቦዩ በማናችንም ካርታ ውስጥ ካልገባ የማህበሩ ነው። መተላለፊያውም፣ ከላይ ያለው የድጋፍ ግንብም እንዲሁ። ማህበር ደግሞ በሕግ ፊት እንደ ሰው የሚቆጠር ነው። በስሙ ንብረት ያፈራል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ያለውን የጋራ ንብረት መጠበቅና መጠገን ግዴታው ነው። ከአባላቱ የሚሰበሰበውም ሆነ ባንክ ያለው ገንዘብ መጀመሪያ ለዚያ ይውላል፤ ከዚያ በፊት ለሥጋ አይከፋፈልም። ይህ ሁሉ ፈርመን በተቀበልነው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አለ። መፈረሙን እንኳን ፈርመን ነበር፤ ያነበበው ማን እንደሆነ እንጃ።

«በቦዩ ምክንያት የአንድ አባል ግድግዳ ቢወድቅስ?» አልኳት፣ መልሱን እየፈራሁ።

«ማህበሩን ይከሳሉ።»

«ማህበሩ ሲከሰስ ማን ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሊቀመንበሯ» አለች፣ በትሕትና።

ያን ጊዜ ባለቤቴን አሰብኩት። እጁን አውጥቶ የደገፈኝን ባለቤቴን።

ከመነሣቴ በፊት የእትዬን ነገር ጠየቅኋት። ባል ሲሞት በውርስ የተካች ሚስት እንደማንኛውም አባል ሙሉ አባል ናት፣ ድምፅም አላት፣ ግዴታም አለባት አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ውጭ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ቀስ እያልኩ ስሄድ የእትዬ ንግግር አንድ በአንድ ተመለሰብኝ። ደቦ ባለቤት አለው። እኛ በደግነታችን የሁላችንን ቦይ ለአንድ ሴት ልናሸክም፣ በዚያ ላይ ሊያመሰግኑን ይገባል ብለን ነበር። ክፋት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይታየን ነበር። ደግነት ስለነበር ማናችንም አላየነውም። ያኔ ነው እሳቸው ለምን ግድግዳውን ይውደቅ እንዳሉ የገባኝ። አንዴ በልመና ካሠሩት፣ እዚያ መንደር ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ለማኝ ሆነው መቅረታቸው ነው።

በሬው ከየኪሳችን ተገዝቶ ፋሲካ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ። ቅርጫ ያልሆነ ስብሰባ ስጠራ የመጀመሪያው ስለሆነ ሰዉ ግራ ገብቶት መጣ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ማህበሩ በሕግ ፊት ሰው ነው ስል ጋሼ ዙሪያቸውን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉ።

«የት አለ ታዲያ? ወንበር ይሰጠው እንጂ» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

«ይሳቁ፣ ጋሼ። ደቦ ባለቤት ይፈልጋል አይደል? የቦዩ ባለቤት እሱ ነው። ደቦውን የሚጠራው ማህበሩ ነው፣ የሚያበላውም ማህበሩ ነው። ብቅሉም፣ ዱቄቱም፣ ሲሚንቶውም ከማህበሩ ገንዘብ ይሁን» አልኩ።

«በምን እጁ ነው የሚጠምቀው?»

«እጁ እኔ ነኝ።»

«ኧረ ተይ፣ ያንቺን ጠላማ ቀምሼዋለሁ!» አለ ባለቤቴ ከኋላ። ይህንንም መዝግቤ ያዝኩለት።

በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቦዩ እንዲጸዳ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተዋጣ ለጋራ ንብረቱ መጠባበቂያ እንዲቀመጥ፣ ሂሳቡም በዓመት አንዴ በጉባኤው ፊት እንዲነበብ ሐሳብ ቀረበ። እጅ ሲወጣ እትዬም አወጡ። ከጎናቸው የነበረ አንድ ጎረቤት «እትዬ እንኳ ስማቸው የለም፤ የተመዘገቡት ባለቤታቸው ናቸው» አለ። በክፋት አይደለም፣ እንዲያው ቆጠራው እንዳይዛባ ብሎ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። እኛ አገር ይህ ቃል ሲጠራ የሚራመድም ይቆማል። «እትዬ ማህበርተኛ ናቸው። ዛሬ አይደለም የሆኑት፤ ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ናቸው። እስከ ዛሬ ሳንጠራቸው የወሰንነው ሁሉ የኛ ጥፋት ነው። ያወጡት እጅ ይቆጠር።»

ተቆጠረ። እትዬ እጃቸውን ያወረዱት ከሁላችንም መጨረሻ ላይ ነው። ቀና ብለውም አላዩኝም፤ ነጠላቸውን ብቻ ደጋግመው ያስተካክሉ ነበር።

የደቦውን ቀን መምረጥ ከሁሉም ባሰ። በሥራ ቀን የመንግሥት ሥራ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ መሬት አይቆፈርም፣ በመሐሉ ደግሞ የታቦቱ ቀን እየመጣ ይገባል። መንግሥት ቢሮ የዘጋበትን፣ ቤተ ክርስቲያንም ያልከለከለችውን ቀን ስንፈልግ ካሌንደሩ ላይ ስንት ተከራከርን። በመጨረሻ ግንቦት ውስጥ አንዱ ተገኘ።

በቀኑ እትዬ ከሁላችንም ቀድመው ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ የሟች ባለቤታቸውን ዶማ ይዘው። «እርስዎ ይቀመጡ» ያላቸው ሰው ቢኖር ጥሩ መልስ ይሰጡት ነበር፤ ያየ ሁሉ ወደ ሥራው ገባ። ጋሼ ከላይ ሆነው ውሃ ልኩን እያዩ «እዚህ ጋ ዝቅ፣ እዚህ ጋ ከፍ» ይላሉ። መምህራኑ አፈር ያወጣሉ፣ ነርሶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፤ የሚያወራው ሁሉ ከሚሠራው ይበልጣል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ቦዩ ከላይኛው ቤት ተነሥቶ የእትዬን ግድግዳ በአንድ ክንድ ርቆ ወደ ታችኛው ሸለቆ ወጣ። የተነፋውንም ግድግዳ አፍርሰን፣ ድንጋዩን መልሰን፣ በሲሚንቶ አቆምነው።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። ጠላዬ ቀጥኗል፤ ባለቤቴ እንደ ውሃ እያንቆረቆረ «ጥማት ይቆርጣል» ይለኛል። ዳቦው ግን ደኅና ነበር። ሲበላ ሲጠጣ ቆየና ጋሼ እንደ ደንቡ ባለቤቱን ሊመርቁ ዋንጫቸውን ይዘው ተነሡ። ለዓመታት በየደቦው የለመዱት ቤቱ የተሠራለትን ሰው መመረቅ ነውና ወደ እትዬ ዞሩ።

«ቤትዎን...» ብለው ሲጀምሩ፣ እትዬም ዋንጫቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ወደ እኔ ምን ያዞርዎታል? እኔም ሠሪ ነኝ» አሉና ጭቃ የነካውን እጃቸውን አሳዩዋቸው።

ጋሼ ዋንጫቸውን እንደያዙ ቆሙ። ወዲህ ቢያዩ ሠሪ፣ ወዲያ ቢያዩ ሠሪ። የሚመርቁት ባለቤት ጠፋቸው። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ቦዩ መለሱና፣ «እንግዲህ ማህበራችን... ሰው ነህ ካሉህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ! ቤትህን ይሙላው! ጠላህንም ለከርሞ ያወፍረው!» አሉ።

«አሜን!» አልን በአንድ ድምፅ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የእትዬ ድምፅ ነበር። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡብኝ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ቆየና ጋብ ሲል፣ ልቤ ስላላስቻለኝ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ እትዬ ቤት ወረድኩ። ጓዳው ደረቅ ነው። ጠጉሩ በየከረጢቱ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፏል። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ፤ ምንም እርጥበት የለውም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ምስጋናም ጠብቄያለሁ። ሰው ነኝ፤ ስንት ቢሮ ተመላልሼበታለሁ።

እትዬ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ፣ ወደ ቦዩ እያዩ ነበር።

«ከጋሼ ቤት ዝቅ ብሎ ድንጋይ ተንዶ ገብቶበታል» አሉኝ። «ውሃው እየዘለለ ሦስተኛው ቤት ግቢ ሊገባ ነው። እዚህ ቆመሽ ግድግዳ ትነኪያለሽ፣ አንቺ ሊቀመንበር አይደለሽም እንዴ?»

«አሁኑኑ፣ እትዬ!» አልኩ። ዳገቱን ሽቅብ ስወጣ ጫማዬ በጭቃ ተሞላ፤ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እሳቸውም ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ከግራ በኩል ያዢው፣ ከግራ!» እያሉ እየተቆጡኝ ከኋላዬ ይመጣሉ።